እርማት፦ የራስን ካሽ ማጽዳት የጎብኚውን አያድስም

«ሲኤስኤሱን (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነውን ፋይል) ቀይሬ ጫንኩ፣ የሚታየው ግን አሮጌው ነው» ላለው ጠያቂ ብዙዎቻችሁ «ካሹን አጽዳ፣ ያልቃል» ብላችኋል። በቅንነት ነው፤ ግን ካሽ እያንዳንዱ ብሮውዘር ለራሱ የሚያስቀምጠው የፋይል ቅጂ ስለሆነ፣ የሚጸዳው የእሱ ብሮውዘር ብቻ ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን «ማክስ-ኤጅ 31536000» ብሎ ከላከው (ቅጂው ሳይታደስ የሚቆይበት ጊዜ፣ በሰከንድ)፣ ቀድሞ የጎበኘ ሰው ስልክ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ እስከ አንድ ዓመት አሮጌውን ሊያሳይ ይችላል። ጠያቂው ዘንድ ስለተስተካከለ ደግሞ ደንበኛው «ገጹ ተዘበራርቋል» ሲለው አያምነውም።

ለማረጋገጥ ኤፍ12 ተጭናችሁ ኔትወርክን ክፈቱ። «ዲሴብል ካሽ» ላይ ምልክት እንዳይኖር፤ ካለ ብሮውዘሩ ካሹን ስለማይጠቀም፣ ጎብኚው የሚያየውን አታዩም። ፋይሉን ነክታችሁ ማክስ-ኤጅ የሚጻፍበትን ካሽ-ኮንትሮል የሚለውን መስመር አንብቡ።

መፍትሔው ኤችቲኤምኤሉ (ሲኤስኤሱን የሚጠራው የገጹ ፋይል) ውስጥ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ «?ቪ=2» ዓይነት የስሪት ቁጥር ጨምሮ፣ በየለውጡ ከፍ ማድረግ ነው፤ ብሮውዘሩ አዲስ አድራሻ ስለሚሆንበት ፋይሉን እንደገና ያወርዳል። ኤችቲኤምኤሉ ራሱ «ኖ-ካሽ» (ቅጂውን ከመጠቀምህ በፊት ሰርቨሩን ጠይቅ) ይሁን፤ አለዚያ አዲሱን አድራሻ ለብሮውዘሩ ማን ይነግረዋል?