«ዋሻው የእኔ አይደለም» አለኝ!

አሁን ገና ከአልጌሮ ወደብ መመለሳችን ነው፤ የጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ያለችው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እማዬ ጋደም ብላለች። ነጠላዋ የባሕሩን ጨው ጠጥቶ ድርቅ ብሏል።

የኔፕቱን ዋሻን ላሳያት ስንት ወር ቆጠብኩ! የጎባ ልጅ ናት፤ ሶፍ ዑመርን በልጅነቷ ገብታ አይታዋለች። «እኛ ጋ ወንዝ ነው የኖራ ድንጋዩን በልቶ ያለፈው። ባሕር የገባበትን ደግሞ አሳየኝ» ስትለኝ ነው የከረመችው።

ከገደሉ አናት እስከ ባሕሩ ደረጃው 654 ነው። በእማዬ ጉልበት አይታሰብም። ስለዚህ ጀልባ። ትኬት ሻጩን ሦስቴ ጠየቅሁት። «ዛሬ ይገባል ወይ?» «ይገባል፣ ይገባል፤ ሁሉም አለበት።» የዋሻው አፍ ከባሕሩ ከፍ የሚለው አንድ ሜትር ገደማ ነው። ማዕበል ከተነሣ ማንም አይገባም። እሱ ይህን ያጣዋል? ውሎው እዚያው ወደብ ላይ ነው! ማኤስትራሌ የሚሉት ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ባንዲራውን ሲያርገበግበው እያየ ሸጠልን።

ካፖ ካቻ የሚባለውን ባሕር ውስጥ የገባ ገደል ስንዞር ጀልባዋ ትዘል ጀመር። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ማርያምን ትጣራለች። ቋጥኙ ሥር ጥቁር አፍ ታየን። አረፋውን ይውጣል፣ መልሶ ይተፋል። ካፒቴኑ ዞረ። እሱስ ልክ ነው፣ ነፍስ ይዟል። «ያ ነው?» አለችኝ እማዬ። በቃ፣ ያ ነው።

ሻጩ ጋ ሄድኩ።

«ገንዘቤን መልስልኝ፤ አልገባንም።»

«ጀልባው ሄዷል? ሄዷል። ተመልሷል? ተመልሷል። ዋሻው የእኔ አይደለም። የዋሻው ትኬት ለብቻው ነው።»

«ሁሉም አለበት አላልከኝም?»

ይሄኔ ሕፃን እንደሚያናግር ሰው ቃል በቃል እየጎተተ፦ «ጣሊያንኛ... ይገባሃል?»

እዚህ አገር ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው እኮ! በዚህ ቋንቋ ሠርቻለሁ፣ ታምሜ ሐኪም አናግሬበታለሁ። ባለፈው የመኖሪያ ፈቃድ ሰልፍ ላይም ያችው ጥያቄ ነበረች። አከራዬም ቧንቧው ፈሰሰ ስለው ያችኑ ነው ያለኝ። መልስ ሲያጡ ቋንቋህን ይፈትኑሃል!

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እማዬ ቋንቋውን ባትሰማም ሳቁን ሰማች። «ተወው ልጄ» ብላ እጄን ጎተተችኝ። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው። ገንዘቡስ ገደል ይግባ።

አሁን ነቅታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ነገ በደረጃው ብንሞክረውስ?» 654 መውረድ፣ 654 መውጣት። ጉልበቷን ቅባት እያሸች ነው እንዲህ የምትለኝ። ነፋሱ አሁንም መስኮቱን እየደበደበ ነው። በረራዋ ሐሙስ ነው።