ማስተካከያ፦ «ቀላል» ያልሁት ጉዞ መካከለኛ ነው

ባለፈው ማስታወቂያ 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በድምሩ 600 ሜትር አቀበት ያለውን የቡድን የእግር ጉዞ «ቀላል፣ በ2 ሰዓት ተኩል የሚያልቅ» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ ያሰላሁት ርቀቱን ብቻ ነበር። አቀበት ግን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይበላል።

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣውና የተራራ ጉዞ መመሪያዎች ዛሬም በሚጠቅሱት ስሌት፣ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት ይያዛል። ስለዚህ ጉዞው 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ያለ ዕረፍት። ቡድን የሚሄደው ዝግ ብሎ በሚራመደው ሰው ልክ በመሆኑ ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

ደረጃው ወደ «መካከለኛ» ተለውጧል። ቀላል መስሏችሁ የተመዘገባችሁ ጀማሪዎች ሌላ ጉዞ መምረጥ ትችላላችሁ፤ የምትመጡ ደግሞ ውኃና ስንቅ ጨምሩ። ስላሳሳትኋችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።