ከአምበር ወይን በስተጀርባ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 የጆርጂያን ጥንታዊ የክቬቭሪ ወይን አጠማመቅ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። ክቬቭሪ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የሚቀበር ታላቅ የሸክላ ጋን ሲሆን፣ ከነጭ የወይን ፍሬ ተጠምቆ የሚወጣው ብርቱካንማ ቀለም ያለው አምበር ወይን ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ምግብ ቤቶች ተፈላጊ ሆኗል። ስለ ወይኑ ቀለምና ጣዕም ብዙ ይባላል፤ ጋኑን ስለሚሠሩት ሰዎች ግን እምብዛም አለመነሳቱ ያሳስበኛል።

የወይኑ ጠባይ የሚወሰነው በጋኑ ጭምር ነውና። በምሥራቃዊው የካኬቲ ክልል እንደ ርካጺቴሊ ያለው ነጭ የወይን ፍሬ ዝርያ ከተጨመቀ በኋላ ጭማቂው ከነልጣጩ፣ ከነዘሩና ከነዛላው ወደ ክቬቭሪው ይገባል፤ ፍላቱ ሲበርድ አፉ ተከድኖ ይታሸግና ስድስት ወር ያህል ይቆያል። ቀለሙም ሆነ ምላስ ጨምደድ የሚያደርገው ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ቆይታ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዙሪያውን ያለው አፈር ሙቀቱን ያረጋጋዋል፣ ወደ ታች የሾጠጠው ቅርጹ ዘሩና አተላው ከሥር እንዲዘቅጥ ያደርጋል፣ ውስጡ የተቀባው የንብ ሰም ደግሞ የሸክላውን ስስ ቀዳዳዎች ይደፍናል። በምዕራብ፣ በኢሜሬቲ፣ ልጣጩ በጥቂቱ ብቻ ስለሚጨመር ወይኑ ለስለስ ይላል።

ሸክላ ሠሪው ጭቃውን እየጠቀለለ፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረበ፣ የታችኛው እስኪጠነክር እየታገሠ ስለሚሠራ፣ አንድ ትልቅ ክቬቭሪ ሳምንታት ይፈጃል፤ ደርቆም ለቀናት በእሳት ይተኮሳል። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው ይህ ሙያ በካኬቲ እንደ ቫርዲሱባኒ፣ በኢሜሬቲ እንደ ማካቱባኒና ሽሮሻ ባሉ መንደሮች በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ይገኛል። በሶቪየት ዘመን የወይን ምርት ወደ ፋብሪካ ሲዞር ክቬቭሪን ያተረፈው ለቤቱ ፍጆታ የሚጠምቀው ገበሬ ነበር፤ በኋላ ግን እንደ ጣሊያናዊው ዮስኮ ግራቭነር ያሉ የውጭ ጠማቂዎች ሳይቀሩ ጋኑን ከጆርጂያ እያስመጡ መጠቀም ጀመሩ።

ፍላጎቱ ካደገ ወጣቶች በራሳቸው ጊዜ ወደ ሙያው ይመለሳሉ የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙያው በዓመታት ልምምድ የሚያዝ ነው፣ በጥድፊያ የተሠራ ጋን ጉድለቱ የሚታወቀውም ተቀብሮ የዓመቱ ወይን ከተሞላበት በኋላ ነው። ስለዚህ ወይኑን ወደ ውጭ ከሚልኩት ድርጅቶች ገቢ ጥቂቱ ለሸክላ ተለማማጆች ደመወዝ ቢውል፣ በጠርሙሱ ላይም ከወይን እርሻው ስም ጎን ጋኑ የተሠራበት መንደርና የሠሪው ስም ቢጻፍ ተገቢ ነው እላለሁ።