ውዳሴ ዘሜጋቢት

ጠዋት ዓይኑን ሳይጠርግ ስልኩን አንስቶ የቤቱን ኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካ ሰው ሳይ፣ እሰይ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው እላለሁ። የደም ግፊቱን ከተለካ ዓመታት አልፈውታል፤ ሜጋቢቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፍለትን የመረጃ መጠን፣ ግን በቀን ሦስቴ፣ ያውም ከምግብ በፊት።

ጥበቡን ያየሁት ከአንድ ጋሼ ነው፤ ስማቸውን ለክብራቸው ስል ልተወው። መጀመሪያ ቤተሰቡን በሙሉ ከዋይፋይ ያስወጣሉ። ከዚያ ራውተሩ ላይ አጎንብሰው ስልካቸውን አንቴናው ሥር ይደቅናሉ፤ የፅንስ ልብ ትርታ የሚያዳምጥ ሐኪም ነው የሚመስሉት። 61። ፊታቸው ይጠቁራል፤ ያጠፉታል። «የሚለካልኝ ሰርቨር ርቆብኝ ነው» ብለው ቅርብ ያለውን ይመርጣሉ። 74። አልበቃም። በአራተኛው 87 ሲመጣ ስክሪንሾት አንስተው፣ አፕሎድ የምትለዋን፣ ከቤት ወደ ውጭ የሚላከውን የምትለካዋን 9 ቁጥር ቆርጠው ጥለው፣ ለቤተ ዘመዱ ግሩፕ ይልካሉ። የቪዲዮ ጥሪ ላይ መልካቸው ለሰው የሚደርሰው በዚያችው በተጣለችው ቁጥር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። እኔም አፌን አልከፍትም።

ጨዋታው የሚደራው ግን የተለያየ መስመር ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚጠቀመው አንገቱን አይደፋም፤ «እስከ 24» ተብሎ የተዋዋለ ሰው ነውና። እስከ! ይህችን ቃል ለፈጠረ ሐውልት ይቁምለት። ውሸትም የለባትም፤ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት በእርግጥ 24 ሜጋቢት ይደርሳል፣ ቤትህ ከስልክ ማዞሪያው ጋር ግድግዳ ከተጋራ። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ሲግናሉ እየደከመ ስለሚሄድ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። በዚህ ስሌት እኔም እስከ አንድ ሚሊዮን ተቀማጭ ያለኝ ሰው ነኝ።

ባለ ፋይበሩ፣ መረጃው በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን የሚመጣለት፣ መቼም አይቻልም። «የኔ ብርሃን ነው» ይላል፤ ሻማ የለኮሰ እንጂ ወርሃዊ የሚከፍል አይመስልም። ብርሃኑ ግን በብዛት የጋራ ነው፤ በተለመደው ጂፖን በሚባለው አሠራር 2.5 ጊጋቢት ገደማ የሚሆነውን 32 ወይም 64 ቤት ይካፈለዋል። አንዱን ባለ አንድ ጊጋ፣ ማለትም ባለ 1000 ሜጋቢት፣ አውቀዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በለካ ቁጥር 94 ይመጣበታል። አንድም ቀን 95 ሆኖ አያውቅም። ኩባንያውን ሲራገም ከረመ። ለካስ ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ኬብል ውስጥ ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷ ተበጥሳ፣ መስመሩ ወደ 100 ወርዶ ኖሯል። ኬብሉን አልቀየረም፤ ወደ ሁለት ጊጋ አሳደገ። እንዲህ ያለ ቆራጥነት ነው የሚወደስ።

ከሁሉ የማከብረው ግን የሳተላይቱን ሰው ነው። 100 ሜጋቢት አለው፣ ቁጥሩ አይዋሽም። ሳተላይቷ ግን የቆመችው 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪመጣ፣ በብርሃን ፍጥነት እየበረረ እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ ይህንን ሜጋቢት ቢቆለልበት አያሳጥረውም። ስልክ ሲደወልለት «አቤት፣ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ» እየተባባለ ይውላል። ጨዋነት ያስተማረ መስመር ከዚህ ሌላ የለም! 550 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞሩት አዲሶቹ ሳተላይቶች ይህን ወደ ጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች አውርደውታል። ግን ይህን መዘግየት የሚለካው ፒንግ ስክሪኑ ጥግ ላይ በደቃቃ ፊደል ስለሚጻፍ ማን ያየዋል?

ቢትና ባይትን አላነሳም። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው ብሎ፣ 100 ሜጋባይት ፋይል በ100 ሜጋቢት መስመር ስምንት ሰከንድ ይፈጃል እያለ የሰው ደስታ የሚያደፈርስ ምቀኛ አይጠፋም።

ባለፈው ከጋሼ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ነበር። እሳቸው መኝታ ቤት፣ ራውተሩ ሳሎን፣ ለዓይን ያስጠላል ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፤ መሃል ሁለት ግድግዳ።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ እየተቆራረጠብኝ ነው።»

«የማይሆን ነገር! ጠዋት እኮ 87 ነበር።»

«ምናልባት ወደ ሳሎን ጠጋ ቢሉ...»

«ቆይ፣ አሁኑኑ ለክቼ አሳይሃለሁ» አሉ፣ ስልካቸውን ሳይዘጉ። መለኪያው ያለችውን መስመር ሙልጭ አድርጎ ይስብ ጀመር። ጋሼ ጣታቸውን ወደ ላይ እንደቀሰሩ፣ አፋቸው እንደተከፈተ፣ ስክሪኔ ላይ ደርቀው ቀሩ።