ፊልሜን ተዉልኝ!

ኧረ ሰው አስቸገረ! የጠፈር ወራሪ ፊልም ከፍቼ ፈንዲሻዬን ልቆረጥም ስል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሁሉ የፊዚክስ መምህር ይሆንብኛል። «ይሄ እንዴት ይሆናል?» አይሆንማ! እኔስ መቼ ይሆናል አልኩ?

በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» እዩት። ተዋናዩ ጄፍ ጎልድብለም በላፕቶፕ ቫይረስ ልኮ የወራሪዎቹን ዋና መርከብ መከላከያ ያሽመደምዳል። እኛ ቤት ስልክና ቴሌቪዥን አልገናኝ ብለው ያስለቅሱናል፤ እሱ ከሌላ ዓለም ኮምፒውተር ጋር ባንዴ! ደስታው እኮ እዚያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የዳይሬክተሩ የቲም በርተን ፊልም «ማርስ አታክስ!» ደግሞ አንጎላቸው አፍጥጦ የሚታይ ማርሳውያን የስሊም ዊትማንን የድሮ ዘፈን ሲሰሙ ጭንቅላታቸው ይፈነዳል። በዘፈን! (እኔ ፈርጄዋለሁ፣ ከሚሳይል ይሻላል።)

ግን አይ፣ «ቁም ነገር ያለው ነገር ብናይስ?» ይሉኛል። ቁም ነገሩንማ ስጋፈጥ ነው የዋልኩት! የታክሲ ሰልፍ፣ የቤት ኪራይ፣ የሽንኩርት ዋጋ... እሱ መቼ አነሰኝ? ለሁለት ሰዓት አረንጓዴ ፍጡር ቢወረኝ ማን ተጎዳ? ደግሞ የሚያናድደው፣ ሲነቅፉ አምሽተው መጨረሻው ሲደርስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አይነቅሉም።

በሉ ሪሞቱን ወዲህ በሉ፣ ዋይት ሃውስ ሊቃጠል ነው!