ክፍያው በዶላር፣ ገቢው በብር

ስለ ዲዛይን ሶፍትዌር ወርሃዊ ክፍያ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የሶፍትዌር ክፍያ ሲጨምር ዲዛይነሩም ዋጋውን ይጨምር» ይላል። እኛ አዲስ አበባ በግላችን ለምንሠራ ይህ ቀላል አይደለም። ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ሎጎ የሚያሠራን ካፌ ግን አሁንም የድሮውን ዋጋ ነው የሚጠራው።

እኔን በጣም ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንድ ወር የሶፍትዌር ክፍያዬ ተቋረጠ። ደንበኛዬ «ቢዝነስ ካርዱ ላይ ስልክ ቁጥር ቀይርልኝ» አለኝ። ሶፍትዌሩ ስለተዘጋብኝ በእጄ የሠራሁትን ፋይል መክፈት አቃተኝ!

አሁን ሎጎ የምሠራው ኢንክስኬፕ በሚባል የሥዕል ሶፍትዌር ነው። ማተሚያ ቤት የሚሄደውን ደግሞ ስክራይበስ በሚባል የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ በሲኤምዋይኬ (ለኅትመት በሚያገለግለው የቀለም ሥርዓት) ፒዲኤፍ አወጣለሁ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። መጀመሪያ ላይ እጅ ያስራሉ፣ ግን ይለመዳሉ። ጀማሪዎች፣ ወርሃዊ ክፍያ ውስጥ ሳትገቡ እነዚህን ሞክሩ።