ጆሮህን እመን አሉኝ

የሙዚቃ ማጫወቻ ዕቃ ጥራት በተነሳ ቁጥር «ዝም ብለህ ጆሮህን እመን» የሚለኝ ሰው ሰለቸኝ። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ውድ የስፒከር ገመድ ገዝቶ ጠራኝ። «ሰማኸው? ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ እንዴት እንደጠራ!» ይላል። እኔ ምንም ለውጥ አልሰማሁም። «እሺ ዓይንህን ጨፍን፣ ገመዶቹን እያቀያየርኩ ላጫውትልህ» ስለው ተቆጣ። ለምን? ጆሮህን ታምን የለም እንዴ!

ጆሮ ብቻውን አይሰማም እኮ። ዋጋውም፣ የሚያብረቀርቀው ካርቶንም አብረው ይሰማሉ። ሁለት አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ስታወዳድር የአንዱ ድምፅ በ1 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) እንኳ ከፍ ካለ «ጮኸ» አትልም፤ «ጠራ» ነው የምትለው። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፃቸውን በመለኪያ እኩል ማድረግ ግድ ነው። ይህን የሚያደርግ ግን የታለ? ደግሞ ከ20,000 ኸርዝ በላይ፣ ማለትም የሰው ጆሮ ከሚሰማው የቅጥነት ጣሪያ በላይ፣ ይሰማኛል የሚል የ50 ዓመት ጎልማሳ አለ። በዚያ ዕድሜ 15,000ውን ከሰማ እሰየው ነው!

ቁጥር አምላኪዎቹም ቢሆኑ ያናድዱኛል። ስፒከሩን ሳይሰሙት የልኬቱን ግራፍ ብቻ አይተው ይፈርዳሉ። ስፒከር እንደ ገመድ አይደለም፤ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። ደግሞ ስፒከሩ የተቀመጠበት ክፍል ራሱ ቤዙን ያበላሸዋል። ወዳጄ ያን ሁሉ ገንዘብ ገመድ ላይ ከሚያፈስ ስፒከሩን ከግድግዳው ጥግ ቢያርቀው ይሻለው ነበር። ነገርኩት። አኮረፈኝ።